አየር ያጠረው ጋን

ሸዋ ሮቢት የገባሁት እናቴን በቀበርኩ በስምንተኛው ወር ነው። ደብረ ብርሃን ያለውን ቤታችንን አከራይቼ፣ ወፍራም ሹራቦቼን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ በአንድ ሻንጣ ቁልቁል ወረድኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ከዋናው መንገድ ዳር ያለ የዳቦ እርሾ ፋብሪካ ለማብላያ ክፍሉ ኃላፊ ይፈልግ ነበር። ከኔ በፊት የተቀጠሩት ሁሉ ሙቀቱን አልቻሉትም አሉኝ። እኔ ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ሙቀቱ አላስፈራኝም። እህት ወንድም የለኝም። ትዳር አንዴ ሊሆን ነበር፤ ሳይሆን ቀረ።

በፋብሪካው ግቢ ስሜን የሚጠራ ሰው አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «ኢንጅነር» ነበር የሚሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ግን ስሜን ከሰው አፍ ሳልሰማ ወራት ማለፋቸውን ሳስተውል ደነገጥኩ። ቤት ያከራዩኝ እትዬ እንኳ ለጎረቤት ሲያወሩ «የፋብሪካዋ» ነበር የሚሉኝ፤ «የፋብሪካዋ ገብታለች?»፣ «የፋብሪካዋ ውሃ ቀድታለች?»

እሁድ ከባድ ቀን ነበር። ከቅዳሴ መልስ ልብሴን አጥቤ ሳሰጣ፣ ሙቀቱ ከመሰቀሉ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም። የቆርቆሮው ጣሪያ ሲንቋቋ እየሰማሁ መዋል ሲታክተኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጀውሃ እሄድ ነበር። ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም። ጀውሃ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት ቦታ ነው፤ ሁሉም አላፊ ስለሆነ ብቻውን ተቀምጦ የሚበላ ሰው ማንንም አይገርምም። አንድ ሽሮ አዝዤ፣ ሾፌሮቹ ስለ ጎማና ስለ ፍተሻ ሲጨቃጨቁ እያዳመጥኩ፣ የነሱ ባልደረባ የሆንኩ ያህል ሲስቁ እስቅ ነበር። ሲነሱ እኔም እነሳለሁ።

የእርሾ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ከስኳር ፋብሪካ በቦቴ የሚመጣው ሞላሰስ፣ ጥቁሩ የስኳር ተረፈ ምርት፣ በውሃ ይቀጥንና ጋን ውስጥ ባለው እርሾ ላይ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ከታች አየር ይነፋበታል። እርሾው ስኳሩን እየበላ፣ ኦክስጅኑን እየተነፈሰ ይራባል። አየር ካጠረው ግን መራባቱን ትቶ አልኮል ማውጣት ይጀምራል። ጠላ የጠመቀ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጋኑን አፍኖ የሚከድነው ለዚሁ ነው። እኛ የምንፈልገው የዚያን ተቃራኒ ነበር።

ሁለት ጋን ነበረን፤ ትንሹና ትልቁ። በሠራተኛው አፍ «ጋን» ይባሉ እንጂ ትልቁ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የሚያህል የብረት ማማ ነው። መሐል ለመሐል ረጅም ዘንግ ይወርዳል፤ በዘንጉ ላይ ሦስት ቦታ የተሰኩ መቅዘፊያዎች ሌት ተቀን ያማስሉታል። ትንሹ ጋን ደህና ይሠራል። ያንኑ አሠራር፣ ያንኑ ሞላሰስ፣ ያንኑ የእርሾ ዘር ይዘን ትልቁ ላይ ስንሞክረው ግን ምርቱ ያንሳል፤ የሚወጣውም እርሾ ደካማ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪዎች «ሊጡን አላነሳልንም» ብለው ይመልሱታል።

ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱን በሞላሰሱ ላይ ነበር የሚያሳብበው። እኔ አየር ነው እል ነበር።

«አየርማ በቂ ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ ጣቱን መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ስክሪን ላይ ደግኖ። «መለኪያው ይኸው። ምን ይላል?»

«በቂ ነው ይላል።»

«ታዲያ?»

«መለኪያው የተተከለው ከሥር፣ አየሩ ከሚገባበት ቧንቧ አጠገብ ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ‹ቤቱ ነፋሻ ነው› ቢልሽ ጓዳውን አየው ማለት ነው?»

ለራሴ የማወራውን መልሼ ለሱ እያወራሁ እንደሆነ የገባኝ «ቢልሽ» ስል ነው። ሳቀ፣ ተሳቀቅኩ። ብቻውን የሚኖር ሰው ክርክሩን ሁሉ ከራሱ ጋር ስለሚጨርስ ሰው ፊት ሲቀርብ ይሳሳታል። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም። «አስቢበት» ብሎኝ ወጣ።

እዚያ ግቢ ውስጥ «ኢንጅነር» የማይሉኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ዋናው መካኒክ ናቸው፤ እድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ፣ ቀወት ገጠር ተወልደው ያደጉ፣ የአያታቸው ቋንቋ አርጎብኛ እንደነበር የሚናገሩ ሙስሊም። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ክንድ የምታህል ቀጭን ብረት ከኪሳቸው አትለይም። አንዱን ጫፍ የሞተሩ ሰውነት ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍኑና፣ «ሁለተኛው ኩሽኔታ ደርቋል» ይላሉ። ሲከፈት እንዳሉት ነው።

ምሳችንን ከማቀዝቀዣ ማማው ሥር ባለው ጥላ አብረን ነበር የምንበላው። በጾም ወራት ከአንድ ሳህን እንቆርሳለን። ፍስክ ሲሆን ሥጋችን ስለማይገናኝ እሳቸው የሳቸውን፣ እኔ የኔን ይዘን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። በረመዳን ደግሞ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ፊት ለፊቴ ይቀመጡ ነበር። ተሳቅቄ ሌላ ቦታ ልበላ ስነሳ፣

«ቁጭ በይ ልጄ» ይሉኛል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። እኔ አልበላም እንጂ እዚሁ ነኝ።»

አንድ ቀን ጠዋት፣ ትልቁ ጋን ሙሉ ኃይሉ ላይ እያለ፣ ሁለት ጠርሙስ ይዤ ተነሳሁ። አንዱን ከሥር ካለው የናሙና ቧንቧ ሞላሁት። ሁለተኛውን ይዤ አራቱን ፎቅ ደረጃ ወጣሁና ከአናቱ ባለው መመልከቻ በገመድ አንጠልጥዬ ከአረፋው ሥር ቀዳሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ወርጄ ጋሼ ያሉበት ጥገና ክፍል ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እስቲ ያሽትቱ።»

የሥሩን አሸተቱ። «ሊጥ ነው።»

የላዩን ጠርሙስ አፍንጫቸው ጋ እንዳደረሱት ሊወረውሩት ምንም አልቀራቸውም። «አዑዙ ቢላህ! ይሄማ መጠጥ ነው!»

«ከአንድ ጋን እኮ ነው የመጡት።»

ጠርሙሶቹን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው በየተራ ተመለከቷቸው። ከዚያ «ስኳሩን የምትሰጪያቸው በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

«ከላይ፣ ከጣሪያው።»

«አየሩንስ?»

«ከታች።»

«እንግዲያው የራበው ወደ ላይ ወጥቶ ይበላል፣ እየበላ ይታፈናል። ታች ያለው ይተነፍሳል፣ የሚበላው የለውም።» ብረታቸውን ጭናቸው ላይ መታ መታ አደረጉ። «አየሩን ወደ ላይ ለመውሰድ ትለፊያለሽ። ለምን ምግቡን ወደ ታች አታወርጂውም?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አየሩ ሳስብ ነበር፤ ሞተሩን ማሳደግ፣ ትልቅ መንፊያ ማስመጣት፣ መቅዘፊያ መቀየር። ሙቀቱ ራሱ ጠላቴ ነበር፤ ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ደጋ ላይ የሚበቃው አየር እዚህ አይበቃም። ስለ ስኳሩ ግን አንዴም አላሰብኩም። ሞላሰሱን በሦስት ቀጫጭን ቧንቧ ከፋፍሎ፣ አየሩ እንደ ልብ በሚገኝበት በታችኛው መቅዘፊያ ዙሪያ ማፍሰስ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን በደስታ ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ። የምነግረው ሌላ ሰው ስላልነበረኝ ደጋግሜ የነገርኩት ለራሳቸው ለጋሼ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጠርሙሶቹን ካሸተተ በኋላ ፈቀደ። «ጋኑ ለጽዳት ሲቆም ሞክሩት» አለ። ጋሼ ቧንቧዎቹን በገዛ እጃቸው ቆርጠው በየዱ።

ጋኑ የቆመው ሐሙስ ነው። ባዶው ታጠበ፣ ከመሬት ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው የጎን መግቢያ ተከፈተ። በማግስቱ ጠዋት እኔ፣ ጋሼና አንድ ጎልማሳ የቀን ሠራተኛ ቧንቧዎቹን ለመግጠም መግቢያው ፊት ባለው የብረት በረንዳ ላይ ቆምን። እርሾ ሲኖር የሚያወጣው የተቃጠለ አየር ከንጹሕ አየር ይከብዳል፤ ጋኑ ባዶ ቢሆንም ከመግቢያው በታች ባለው ጎድጓዳ ወለል ላይ እንደ ውሃ ይተኛል። አይታይም። ሁልጊዜ ከመግባታችን በፊት በእጅ የሚያዝ የአየር መለኪያ በገመድ እናወርዳለን፤ አየሩ ጤነኛ ካልሆነ መለኪያው ይጮኻል። የዚያን ቀን መለኪያውን ሳበራው ባትሪው ሞቷል።

«ቢሮ ሄጄ ባትሪ ላምጣ። ይጠብቁኝ ጋሼ» አልኩ።

«ጁምዓ ይደርስብኛል፣ ቶሎ በይ።»

ባትሪው የነበረበት መሳቢያ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉን የያዘችውን ጸሐፊ ስፈልግ ቆየሁ። ስመለስ የቀን ሠራተኛው መሰላሉን ይዞ ቆሟል፤ የጋሼ ነጠላ ጫማ መግቢያው ላይ ተደርድሯል።

«የት አሉ?»

«ቧንቧውን አንዴ ለክቼ ልውጣ ብለው ገቡ። አሁን ነው የገቡት።»

በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አየሁ። መሰላሉ ሥር በጎናቸው ተኝተዋል። አንድ እጃቸው የመሰላሉን እግር እንደ ጨበጠ ነው። ጠራኋቸው። ድምፄ ብረቱ ውስጥ ዞሮ ተመልሶ ወደ ራሴ መጣ።

የቀን ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ አንድ እግሩን አስገባ። ቀበቶውን ይዤ ባለኝ ኃይል ጎተትኩት።

«አትግባ!»

«ሊሞቱ ነው እኮ!»

«ብትገባ ሁለት ትሆናላችሁ! ንጹሕ አየር ላመጣ ነው። እዚህ ቁም፣ ስማቸውን እየጠራህ ቁም!»

እኔም መግባት ነበር የፈለግኩት። እግሬ ወደዚያ ነበር የሚሄደው። ወደ አየሩ ቫልቭ የሚያስኬደውን ደረጃ ስሮጥ ከሳቸው የምሸሽ ነበር የሚመስለኝ። ትንሹ ጋን እየሠራ ስለነበር ዋናው የአየር ቧንቧ ሙሉ ነው፤ ወደ ትልቁ የሚወስደው ቫልቭ ብቻ ነበር በቁልፍ የታሰረው። ሰው ጋን ውስጥ ሲገባ ያ ቁልፍ ኪሴ ነው የሚውለው። ሁለቴ ስቼ በሦስተኛው ከፈትኩት። መሪውን አዞርኩት፣ ቀስ አድርጌ፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሌ። ጋኑ ከሥሩ ጀምሮ አጓራ።

ተመልሼ ከመግቢያው ቆምኩ። ከውስጥ የሚወጣው ነፋስ ፀጉሬን ወደ ኋላ መለሰው፤ አፍንጫ የሚያቃጥል የኮመጠጠ ሽታ ነበረው። አባታችን ሆይን ጀመርኩ። «በሰማይ የምትኖር» ላይ እየደረስኩ እንደገና ከመጀመሪያው እነሳለሁ፣ መጨረሻውን አንዴም አላገኘሁትም። መለኪያውን በገመድ አወረድኩት፤ ጮኸ። አወጣሁት፣ አወረድኩት፤ ጮኸ። አጠገቤ ያለው ሰው «ጋሼ! ጋሼ!» ይላል። ሌሎች ሠራተኞች ከታች ተሰብስበው «ለምን አታወጧቸውም?» እያሉ ይጮኻሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት ብዙ ሰው ከቦኝ አያውቅም፤ እንደዚያን ሰዓትም ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

መለኪያው ዝም ሲል ነበር የሳሉት። ትንሽ ሳል ናት፣ የሕፃን የምትመስል። ወገቤን በገመድ አስሬ ገባሁ፤ ብብታቸውን አሰርኩ፤ ከላይ ጎተቱ፤ እኔ ከታች ገፋሁ።

ከተማው ሆስፒታል ብዙ ቀን ተኙ። ዕለት ዕለት ከሥራ ስወጣ በባጃጅ እሄድ ነበር። ሲነቁ ሴት ልጃቸውን አወቋት፤ ቀኑን ግን አላወቁም፤ አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቃሉ፣ ይረሱታል። ልጃቸው የኔ እኩያ ናት፤ ቀወት ከባሏ ጋር ታርሳለች። እንድትወቅሰኝ እጠብቅ ነበር። እሷ ግን የያዝኩትን ፍራፍሬ ተቀብላኝ፣

«አባቴ ጠብቅ ቢሉት አይጠብቅም» አለችኝ። «እናቴን ሲያገባ ራሱ ሽማግሌዎቹን ቀድሞ ነው የደረሰው ይባላል።»

ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔ ነበርኩ ማልቀስ የነበረብኝ፤ አልመጣልኝም።

ፋብሪካው ሪፖርት ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«‹የተከፈተ ጋን አጠገብ ሰው ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ› ምን ማለት ነው? መካኒኩ ትእዛዝ ጥሶ ገባ፤ አለቀ። ለምን በራስሽ ላይ ትጽፊያለሽ?»

«መግቢያውን ዘግቼ መሄድ ነበረብኝ። እንደዚያ ስለሆነ ነው የጻፍኩት።»

አልቀደደውም። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መለኪያው ሳይፈተሽ የማንኛውም ጋን መግቢያ እንዳይከፈት ደንብ ወጣ።

ቧንቧዎቹን ከከተማ የመጡ በያጆች ገጠሙልኝ። ጋሼ የለኩት ልክ አንድም ቦታ አልተሳሳተም። ትልቁ ጋን በተነሳ በሁለተኛው ቀን ጠርሙሴን በገመድ አንጠልጥዬ አናቱ ላይ ወጣሁ። ከአረፋው ሥር ቀዳሁና አሸተትኩ። መጠጡ የለም። ሊጥ ሊጥ የሚል፣ ንጹሕ። ወርጄ ጥገና ክፍል በር ላይ ደርሼ ነበር ጠርሙሱን ይዤ። የማላውቀው መካኒክ ቀና ብሎ «ምን ነበር ኢንጅነር?» አለኝ። «ምንም» ብዬ ተመለስኩ። ምርቱ ሲሻሻል ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ አመሰገነኝ፤ ሐሳቡ የጋሼ መሆኑን ተናገርኩ፤ ተጨበጨበ። ከስብሰባው በኋላ ምሳዬን ይዤ ማቀዝቀዣ ማማው ሥር ሄድኩና ቁጭ ብዬ ሳልከፍተው ተነሳሁ።

ጋሼ ወደ ሥራ አልተመለሱም። ልጃቸው ገጠር ወሰደቻቸው። ለመሄድ ስፈራ ወራት አለፉ፤ ማሽላው ከደረሰ በኋላ ሄድኩ። ባጃጁ መንገዱ ሲያልቅበት አወረደኝ፣ የቀረውን በእግሬ ተጓዝኩ።

ከቤቱ በስተጀርባ ሽንኩርት የሚያጠጣ ፓምፕ አጠገብ አገኘኋቸው። ከስተዋል። ያቺን ብረት ጆሯቸው ላይ አድርገዋል። አጠገባቸው የቆመው ገበሬ እስኪናገሩ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

«ውሃ ሳይሆን አየር እየሳበ ነው» አሉት። «ከወንዙ ጋ ያለውን መጋጠሚያ አጥብቀው።»

ከዚያ እኔን አዩኝ። ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ሲታገሉ ፊታቸው ላይ አየሁት። «ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ግን ልጄ የማይባል ሰው የለምና አወቁኝ ማለት አይደለም።

«ከፋብሪካው ነኝ ጋሼ። ከጋኑ።»

«አሃ፣ ጋኑ!» ፊታቸው በራ። «ስኳሩን አወረዳችሁት?»

«አወረድነው።»

«አልሃምዱሊላህ።»

ልጃቸው የቀዘቀዘ ውሃና ትኩስ ቂጣ ይዛ መጣች፣ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስለዚያ ቀን የሚያስታውሱት ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው፤ ልጃቸው ቀና ብላ አየችኝ። ቂጣውን እየቆረሱ ብዙ አሰቡ።

«ነፋስ» አሉ። «ሌላ የለም። ተኝቼ ነበር መሰለኝ። ከሥር ነፋስ መጣ። ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ ልጆቹን እህሉን አስገቡ ልላቸው ስል፣ ነቃሁ።»

እኔ ነኝ የከፈትኩት ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከነገርኳቸው ግን ለምን እዚያ ብቻቸውን እንደ ነበሩም መንገር ሊኖርብኝ ነው። ነገም መርሳታቸው አይቀርም። «ደግ ነፋስ ነው» አልኩ።

«በጣም ደግ» አሉና ቂጣውን ለሁለት ገምሰው ትልቁን ለኔ ሰጡኝ።

ልጃቸው የማሽላው እርሻ እስኪያልቅ ድረስ ሸኘችኝ። ስንለያይ ስሜን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በስሜ ጠርታ «ደህና ግቢ» አለችኝ። ባጃጅ ለመጠበቅ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቶሎ አልመጣም፣ ፀሐዩም ወደ ተራራው ዘቅዘቅ አለ። ያን ሁሉ ቀን ያልመጣልኝ ልቅሶ እዚያ መጣ። የሚያይ ሰው ስላልነበረ አልደበቅኩትም።